ዘውድና ጥገኛ፤ ስለ ብራውዘርና ስለ ጦማር ተቀጽላዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ አንዱ ፕለጊን፣ ሌላው ኤክስቴንሽን፣ ሦስተኛው አድ ኦን፣ ከትርጉም ሥራ የመጣው ደግሞ ቅጥያ እያለ የሚጠራው፣ ስሙ ገና በቋንቋችን ያልጸና ነገር ስለ ሆነ፣ ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ ጥቂት እንድናገር ትፈቅዱልኝ ዘንድ እለምናለሁ። እኔ በበኩሌ ተቀጽላ ብዬ ልጠራው እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። በገጠር ያደገ ሰው ተቀጽላ ሲባል የሚታየው፣ ወፍ ዘሩን አምጥታ በወይራ ወይም በግራር ቅርንጫፍ ላይ ስትጥለው፣ ሥሩ መሬት ሳይነካ በሰው ዛፍ ላይ በቅሎ፣ የዛፉን ውኃ እየጠጣ የሚለመልመው፣ ዛፉ በበጋ ሲጠወልግ እንኳ እሱ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ተክል ነው። ግዕዝ የተማረ ሰው ግን ቀጸለ የሚለውን ግስ ያስታውሳል፤ ትርጓሜውም ዘውድ ደፋ፣ አክሊል አቀዳጀ ማለት ነውና ተቀጽላን ከአክሊል ጋር ያዛምደዋል። እንግዲህ ያው አንዱ ሥር ዘውድንም ወልዷል፣ በሌላው ላይ ተንጠላጥሎ የሚኖር ጥገኛንም ወልዷል ማለት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ሁለት ፊት ካለው ቃል የሚቀዳ ነው፤ አንድ ተቀጽላ ዘውድ ይሁን ጥገኛ በስሙም በመልኩም አይታወቅም፤ የሚታወቀው ማን እንደ ተከለውና ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ተጠይቆ ነው። ዘመናትን በምጠራበት ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ተቀጽላ የሚበቅልባቸው ዛፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው አንባቢ ድረ ገጽን የሚያይበት ብራውዘር፣ ይኸውም ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅና የመሳሰሉት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጸሓፊ ጽሑፉን ለዓለም የሚያወጣበት የጦማር መሣሪያ፣ በተለይም ዎርድፕሬስ ነው። ጦማር በጥንቱ ግዕዝ ጥቅል ብራና፣ ደብዳቤ ማለት ነበር፤ ብሎግ ለተባለው አዲስ ነገር ይህን የከበረ አሮጌ ስም ያወጡለትን ወጣቶች በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገረው የዜማ ምልክት ከድጓው ቃል በላይ በጥቃቅኑ ይጻፋል፤ ምልክቱ ከቃሉ አንዲት ፊደል አይነካም፤ ነገር ግን ቃሉ ከዜመኛው አንደበት የሚወጣበትን መንገድ ይወስናል። የብራውዘር ተቀጽላም እንዲሁ ነው፤ ድረ ገጹ በሩቅ ሰርቨር ላይ እንደ ተጻፈ ይኖራል፣ በእናንተ መስኮት ላይ ግን ማስታወቂያው ጠፍቶ፣ ነጩ ገጽ ጠቁሮ፣ የባዕዱ ቋንቋ ተተርጕሞ ይታያል፤ ጎረቤታችሁ ያንኑ ገጽ ሲከፍት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም። የጦማር ተቀጽላ በአንጻሩ በቅዳሴ መካከል ለዕለቱ ምስባክ የተተወውን ስፍራ ይመስላል፤ ሥርዓተ ቅዳሴው ሳይናወጥ፣ ግጻዌው ያዘዘው ምስባክ በተወሰነለት ስፍራ ሲሰበክ፣ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በቤተ መቅደሱ ያለው ሕዝብ ሁሉ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላውሳ። ብራውዘር ሲጀመር ጽሑፍና ሥዕል ከማሳየት የማያልፍ የዋህ መሣሪያ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ሌሎች የሠሩት ፕሮግራም በመስኮቱ ውስጥ ገብቶ ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕል እንዲያሳይ በር ከፈተ፤ ፕለጊን የሚለው ስምም በዚያን ጊዜ ገነነ። በዚያ በር ከገቡት መካከል ፍላሽ የተባለው፣ ጨዋታውም ካርቱኑም ቪዲዮውም በእሱ በኩል እንዲያልፍ አድርጎ ብዙ ዓመት ከነገሠ በኋላ፣ ሌቦች የሚሾልኩበት ቀዳዳ ስለ በዛበትና ብራውዘሮቹም ሥራውን ራሳቸው ስለ ተማሩት፣ ባለቤቱ አዶቤ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 በገዛ እጁ ቀበረው። ፋየርፎክስ ኖቬምበር 9 ቀን 2004 አንድ ተብሎ ሲወጣ ደግሞ፣ እሱ ራሱ ቀጭንና ቀላል ሆኖ፣ የቀረውን እያንዳንዱ ሰው እንደ ፈቃዱ ይጨምርበት ዘንድ ለተቀጽላ ሰፊ ደጅ ከፈተ። ክሮም በ2008 ተወለደ፤ በማግሥቱ ዓመት መጨረሻም የራሱን የተቀጽላ መደብር ከፈተ።

ከብራውዘር ተቀጽላዎች ሁሉ ሕዝብ አጥብቆ የወደደው ማስታወቂያን የሚከለክለው ነውና በእሱ ላይ ዘግየት ልበል። አንድ የዜና ገጽ ስትከፍቱ አንድ ገጽ ብቻ የመጣላችሁ ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ያ ገጽ ገና ሳይዘረጋ በስተ ጀርባ ወደ ብዙ ሌሎች ሰርቨሮች እየጮኸ፣ ከአንዱ ሥዕል፣ ከሌላው ማስታወቂያ፣ ከሦስተኛው ደግሞ እናንተ ማን እንደ ሆናችሁና ከየት እንደ መጣችሁ የሚመዘግብ ሰላይ ያስጠራል። ከልካዩ ተቀጽላ በደጅ ቆሞ፣ በጎ ፈቃደኞች ያዘጋጁትን የስም ዝርዝር በእጁ ይዞ፣ የሚጠራውን ሁሉ ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከረ፣ ስሙ ያለበትን ጥሪ ከደጅ ሳይወጣ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥቅሙ ዐይንን ማሳረፍ ብቻ አይደለም፤ በሜጋባይት እየተለካ የሚሸጥ ጥቅል ገዝቶ ኢንተርኔት ለሚጠቀም እንደኛ ላለ ሰው፣ ያልተጠራ ማስታወቂያ ያልተከፈለ ገንዘብ ነው። በስልክ ለሚያነብ ደግሞ ይህን ልንገረው፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም ተቀጽላ አይቀበልም፤ የአንድሮይዱ ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል።

የዚህ ተቀጽላ ታሪክ ለዛሬው ነገሬ ዋና ምስክር ነው። አድብሎክ የተባለውን የመጀመሪያውን በ2002 ሄንሪክ ኦስተድ ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ተማሪ ሠራው፤ በ2006 ቭላዲሚር ፓላንት አድብሎክ ፕላስን አወጣ፤ ይህም በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው ከደረሰ በኋላ፣ በ2011 መጨረሻ፣ ጨዋ ናቸው የተባሉ ማስታወቂያዎች እንዲያልፉ ይፈቀድ ጀመር፤ ባለቤቶቹም ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ለዚሁ ክፍያ ይቀበሉ ጀመር። በሌላ አነጋገር፣ ሌባ እንዳይገባ በደጅ የቆመው ዘበኛ ኬላ ተክሎ ቀረጥ መሰብሰብ ያዘ። ዘበኛም ይብላ እንጂ የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔም ፈጽሜ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ቤቱ የማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ የተደረገ ውል ነው። በ2014 ሬይመንድ ሂል የተባለ ሰው ዩብሎክ የተባለውን አዲስ ከልካይ ሠርቶ፣ በ2015 የአቤቱታና የጥያቄ ብዛት ሲያሰለቸው ለሌላ ሰው አስረከበው፤ ተረካቢው ወዲያው ስለ ገንዘብ መዋጮ ማሰብ ቢጀምር፣ ሂል የራሱን ቅጂ ይዞ ለብቻው ወጣና ዩብሎክ ኦሪጅን ብሎ ሰየመው፤ እስከ ዛሬም ከማንም ስጦታ አይቀበልም። ኦሪጅን የሚለው ቃል የሌለበት፣ ያው በአሮጌው ስም የቀረው ግን በ2018 ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ገብቶ ከነዚያ ቀረጥ ከሚሰበስቡት ጋር ተቀላቀለ። አንድ ስም፣ አንድ መልክ፣ ሁለት እጅ። ወዳጄ ዩብሎክ ጫንኩ ሲለኝ የማቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ የቱን ነው የምትለዋ ናት።

ከዚህ ወዲህ የዛፉ ባለቤት ጉግል ራሱ ሕግ ለወጠ። ክሮም የተቀጽላ ሥርዓቱን ማኒፌስት ቪ 3 ወደሚባለው አዲስ ደንብ ሲያሻግር፣ ከልካዩ እያንዳንዱን ጥሪ በራሱ ዐይን መርምሮ መፍረዱ ቀርቶ፣ የክልከላውን ዝርዝር አስቀድሞ ለብራውዘሩ አስረክቦ፣ ፍርዱን ብራውዘሩ እንዲፈርድ ሆነ። የቀረበው ምክንያት የሕዝብ ደኅንነትና ፍጥነት ነው፣ ምክንያቱም ባዶ አይደለም፤ ነገር ግን በማስታወቂያ የሚኖር ኩባንያ ማስታወቂያ ከልካይን ክንፉን ሲያሳጥረው፣ አድማጭ ጭንቅላቱን ቢነቀንቅ አይፈረድበትም። በ2024ና በ2025 ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ከክሮም ወጣ፤ በስፍራው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የተባለ ቀለል ያለው ቀረ፤ ፋየርፎክስ ግን ሙሉውን እንደ ያዘ ነው።

እዚህ ላይ ጦማርያን ወንድሞቼና እኅቶቼ ወንበራቸውን ሲያንቀሳቅሱ እሰማለሁ፤ እውነት ነው፣ ከማስታወቂያ በሚገኝ ጥቂት ሳንቲም የኢንተርኔቱን ኪራይ የሚከፍል ጸሓፊ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ከልካዩ የሚከለክለው የእሱን ጭምር ነው። አንባቢ የሚወደውን ጦማር ከክልከላው ነጻ ማውጣት ይችላል፤ ማድረጊያዋም አንዲት ቁልፍ ናት። እኔ ለሦስት ጦማሮች እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ለአራተኛው አድርጌለት፣ ገጹን ስከፍት መሣሪያዬ እንደ እብድ ሰው መጮህ ስለ ጀመረ መልሼ ዘግቼበታለሁ።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። የይለፍ ቃል የሚይዙ ተቀጽላዎች፣ ለምሳሌ ቢትዋርደን፣ ብዙ ሰው የሚያስባቸው ለመርሳት መድኃኒት አድርጎ ነው፤ ዋናው ጥቅማቸው ግን ሌላ ነው፤ የባንካችሁን ገጽ አስመስሎ የተሠራ የሐሰት ገጽ የሰውን ዐይን ያታልላል፤ ተቀጽላው ግን የሚያየው የገጹን መልክ ሳይሆን አድራሻውን ነውና፣ አድራሻው በአንዲት ፊደል ከተለወጠ ቃሉን አያወጣም። ዞቴሮ በ2006 ከአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የፋየርፎክስ ተቀጽላ ሆኖ ወጣ፤ ዛሬ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆኖ፣ ተቀጽላው የሚያነቡትን መጽሐፍና መጣጥፍ ከነደራሲው ከነዘመኑ እየለቀመ ያስገባለታል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ሲደክም ሳይ ያሳዝነኛል። የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን የሚባለው ደግሞ የጠፋን ገጽ አሮጌ ቅጂ ያወጣል፤ የሚጠቅሱት ድረ ገጽ በየጊዜው ለሚሞትባቸው ለእኛ አገር ጸሐፍት፣ ገጹን በሕይወቱ ሳለ ማስመዝገብ እንደ ውል ማስቀመጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማከብረው ግን ዛሬ የሌለ ነው። ኤችቲቲፒኤስ ኤቭሪዌር የተባለውን ተቀጽላ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና የቶር ፕሮጀክት በ2010 አወጡት። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚልከውና የሚቀበለው እንደ ክፍት ደብዳቤ ነበርና፣ በመንገድ የተቀመጠ ሁሉ ያነበው ነበር፤ ተቀጽላው ግን በሚቻልበት ስፍራ ሁሉ ተጠቃሚውን ወደ ታሸገው መንገድ ይመራው ነበር። ዓመታት አልፈው የታሸገው መንገድ የሁሉ መንገድ ሲሆን፣ ብራውዘሮቹም ይህንኑ ሥራ በራሳቸው ሲያደርጉት፣ ሠሪዎቹ ሥራችን ተፈጽሟል ብለው በ2023 መጀመሪያ አሰናበቱት። ለፕሮግራም ሠሪዎች የተሠራው ፋየርበግም፣ በ2006 በጆ ሂዊት ተጀምሮ፣ ዛፉ ራሱ ተግባሩን ከዋጠው በኋላ በ2017 ዐረፈ። ቆይቶ ለመሸጥ ሳይሆን ተፈልጎ ለመጥፋት የተሠራ መሣሪያ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዛፍ፣ ወደ ጦማሩ ልለፍ። ዎርድፕሬስን በ2003 ማት ሙለንወግና ማይክ ሊትል፣ ቢ 2 ከሚባል አሮጌ ፕሮግራም አንሥተው ጀመሩት፤ በሜይ 2004 በወጣው ቁጥር 1.2 ላይ የተቀጽላ ሥርዓት ገባበት። የሥርዓቱ ምስጢር ሁክ፣ ማለትም መንጠቆ የሚባለው ነው። ፕሮግራሙ ገጽን ሲያዘጋጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየደረጃው ቆም እያለ፣ በዚህ ስፍራ የሚናገር አለን ብሎ ይጣራል፤ ተመዝግቦ የሚጠብቅ ተቀጽላ ካለ ገብቶ ሥራውን ይሠራል፤ ከሌለ ያልፋል። ከመንጠቆዎቹ አንዳንዶቹ አክሽን ይባላሉ፤ በዚያን ጊዜ ይህን አድርግ ማለት ነው፤ ሌሎቹ ፊልተር ይባላሉ፤ ጽሑፉ በእጅህ ይለፍና አርመህ መልሰው ማለት ነው። ስለ ምስባክ የተናገርኩት ለዚህ ነበር፤ የቅዳሴውን መጽሐፍ ማንም አይቀድም፣ ማንም አይለጥፍም፤ ስፍራው አስቀድሞ ተትቷል። ዎርድፕሬስ ከሌሎች የጦማር መሣሪያዎች ይልቅ የበዛውም በመጻፊያው ማማር ሳይሆን እነዚህን ባዶ ስፍራዎች በመተዉ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙለንወግ ለናሙና የሠራው ሄሎ ዶሊ የተባለው ተቀጽላ፣ ሉዊ አርምስትሮንግ ከዘፈነው ዘፈን አንዳንድ ስንኝ በገጹ ማዕዘን ላይ ከማሳየት በቀር ምንም ሥራ የለውም፤ ነገር ግን መንጠቆን ለመማር የፈለገ ሁሉ ያንን ጥቂት መስመር ኮድ ከፍቶ አንብቦ ተምሮበታል።

ጦማሪ የትኛውን ይጫን? መደብሩ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ተቀጽላ አለበት፤ እኔ ግን ከጣቶቼ ቁጥር ካለፈ እቈጣለሁ። አኪስመት በ2005 ከወጣ ጀምሮ በአስተያየት ስም የሚመጣውን የመድኃኒትና የቁማር ማስታወቂያ ሲያጣራ ኖሯል፤ አስተያየት የሚቀበል ጦማር ይህን ወይም መሰሉን ካልያዘ በአንድ ወር ውስጥ ገበያ ይሆናል። ዮስት የተባለው፣ በሠሪው በዮስት ደ ፋልክ ስም የሚጠራው፣ ጽሑፍን ለፍለጋ ሞተሮች ያሰናዳል፤ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ዐረፍተ ነገርህ ረዘመ እያለ በቀይና በአረንጓዴ መብራት የሚገሥጸውን ክፍሉን፣ ዛሬ ንግግሬን የሰማችሁ ሁሉ እንደምትረዱት፣ እኔ ዘግቼዋለሁ። የተዘጋጀን ገጽ አስቀምጦ ደጋግሞ የሚያቀርብ የካሽ ተቀጽላ ገጹን ያፈጥናል። ከሁሉ በላይ ግን የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፕ የሚባለው ነው፤ አፕድራፍት ፕላስን የመሰለ ተቀጽላ ጽሑፉንና ሥዕሉን በየሳምንቱ ገልብጦ ከሰርቨሩ ውጭ ያኖራል። ከሰርቨሩ ውጭ የሚለውን አስምሩበት፤ የእህሉን መጠባበቂያ እዚያው ጎተራ ውስጥ ያኖረ ሰው፣ ጎተራው የተቃጠለ ለት ሁለቱንም ያጣልና።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከዓመታት በፊት ጦማሬን ስንት ሰው እንደሚያነበው ለማወቅ ጓጉቼ፣ አንድ አንባቢ ቈጣሪ ተቀጽላ በበዓል ዋዜማ ምሽት ጫንኩ፤ ሲነጋ በዓሉን አስመልክቼ የጻፍኩትን ላይ ብዬ ብከፍት ገጹ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ፊደል የለ፣ ሥዕል የለ፣ የስሕተት ማስታወቂያ እንኳ የለ። ተቀጽላው ከሌላ ተቀጽላ ጋር ተጣልቶ ኖሮ ሁለቱም ቤቱን ይዘው ወደቁ። መጠባበቂያ አልነበረኝም። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ወጣት ዘመዴ በትዕግሥት ፋይል በፋይል እየፈተሸ፣ የአንዱን ተቀጽላ ማኅደር ስሙን ለውጦ ፕሮግራሙ እንዳያገኘው ሲያደርግ፣ ጦማሩ እንደ አልዓዛር ተነሣ። አንባቢዎቼ ስንት እንደ ነበሩ ግን እስከ ዛሬ አልቈጠርኩም።

እንግዲህ ጥገኛውን ልናገር። በዎርድፕሬስ መደብር ዲስፕለይ ዊጀትስ የሚባል፣ በየገጹ ዳር የሚታዩትን ሣጥኖች በየትኛው ገጽ ታይተው በየትኛው እንደሚደበቁ ለመወሰን የሚያገለግል ተቀጽላ ነበር፤ ከ200,000 በላይ ጦማሮችና ድረ ገጾች ይጠቀሙበት ነበር። በ2017 ሠሪዎቹ ለሌላ ሰው ሸጡት። ገዢው በማሻሻያ፣ በአፕዴት ስም፣ ሥውር ደጅ የሚከፍት ኮድ ጨመረበት፤ በዚያም ደጅ በኩል የራሱን ማስታወቂያ በሰዎች ገጽ ላይ ይጽፍ ጀመር። የተንኰሉ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ የገባው ጽሑፍ ለእንግዳ ይታያል፣ በስሙ ገብቶ ለሚሠራው ለባለቤቱ ግን አይታይም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ቤቱን ሲዞር ሁሉ ደኅና ነው። ከመደብሩ ተባረረ፣ ተመለሰ፤ እንደገና ተባረረ፣ እንደገና ተመለሰ፤ በመጨረሻ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ፈጽሞ ወጣ። በብራውዘርም በኩል እንዲሁ ሆኗል። ግሬት ሰስፔንደር የተባለው፣ የተከፈቱ ገጾች የኮምፒዩተሩን ጉልበት እንዳይበሉ የሚያስተኛ፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው የወደደው ተቀጽላ በ2020 እጅ ለወጠ፤ በፌብሩዋሪ 2021 ጉግል ተንኰል አለበት ብሎ ዘጋው። ዌብ ኦፍ ትረስት የተባለው ደግሞ ሥራው የትኛው ድረ ገጽ እንደሚታመን መንገር ነበር፤ በ2016 የጀርመን ጋዜጠኞች መርምረው ተጠቃሚዎቹ የጎበኟቸውን ገጾች መዝገብ ለሌላ እንደሚያሳልፍ ገለጡ። ስለ መታመን የሚያስተምር መምህር የንስሓ ልጆቹን ምስጢር ገበያ አወጣ ማለት ነው።

በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ውስጥ ተጠቃሚው ያጠፋው ጥፋት የለም፤ ጥሩ ነገር መርጦ ጫነ፤ ነገሩም ጥሩ ነበረ፤ የተለወጠው ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ልብ ነው። አፕዴት የሚባለው በእኩለ ሌሊት ያለ ድምፅ የሚገባ ነገር ስለ ሆነ፣ ዘውዱ መቼ ጥገኛ እንደ ሆነ ደወል የሚደውል የለም። አፕዴትን መዝጋት መድኃኒት አይደለም፤ ያልታደሰ ተቀጽላ ሌቦች የሚያውቁት የተሰበረ መስኮት ነውና። እኔ የማደርገው ሁለት ነገር ነው፤ በየሦስት ወሩ ዝርዝሩን ከፍቼ፣ ስሙን አይቼ ምን እንደሚሠራ ወዲያው ያላስታወስኩትን እነቅላለሁ፤ የቀሩትን ደግሞ ባለቤታቸው ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ታደሱ፣ ሰዎች በቅርቡ ምን እንደ ጻፉባቸው አነባለሁ። ስትጭኑም የምትወጣውን የፈቃድ ጥያቄ ሳታነቡ አትለፉ። በምትጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃችሁን ማንበብና መለወጥ ይችላል የምትል ዐረፍተ ነገር አለች፤ ሁሉ ማለት ሁሉ ነው፤ ኢሜይላችሁም፣ ባንካችሁም፣ ለሐኪም የጻፋችሁትም። ማስታወቂያ ከልካይ ያለዚህ ፈቃድ ሥራውን በሙሉ ሊሠራ አይችልም፤ የአየር ጠባይ ለሚነግር ተቀጽላ ግን ይህ ምን ያደርግለታል?

በመጨረሻ የራሳችንን ቤት ልመልከት፤ ንግግሬን ለዚህ ነበር ያቈየሁት። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በቁጥር 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ፎንት ሠርቶ፣ አንባቢው ያንን ፎንት ካላወረደ ገጹ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይታየው ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎች ጽሑፉን በሥዕል መልክ ያወጡት ነበር፤ በሥዕል የወጣ ጽሑፍ ደግሞ አይፈለግም፣ አይቀዳም። ዛሬ ያ ችግር አልፏል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ የአማርኛ መጻፊያ በሌለበት ኮምፒዩተር ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፍ ወገናችን፣ በላቲን ድምፁን ሲመታ ወደ ፊደል የሚለውጥለት የጉግል ኢንፑት ቱልስ ዓይነት መሣሪያ ነበረው። ነገር ግን አስተውሉ፤ መጻፊያ ተቀጽላ የምትመቱትን ፊደል ሁሉ የሚያይ ነው፤ ከማይታወቅ ሠሪ አትውሰዱ።

ያላለፉትን ችግሮች ልቍጠር። አማርኛ ርእስ የሰጣችሁት ጽሑፍ አድራሻው ላይ ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ስለሚጻፍ፣ ባይቱም በአድራሻው ላይ የመቶኛ ምልክትና ሁለት የላቲን ምልክቶች ስለሚወስድ፣ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕሬስ ለዚህ የሚሰጠው ስፍራ 200 ምልክት ነው፤ ስለዚህ ከ22 ፊደል በላይ የሆነ ርእስ አድራሻው መካከል ላይ ይቈረጣል፤ ለወዳጅ ሲላክም የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አድራሻውን በእጃችሁ አጭር አድርጋችሁ ጻፉ። ሁለተኛው፣ ዎርድፕሬስ የጽሑፍን መግቢያ ለማሳየት 55 ቃል ይቈጥራል፤ ቃል የሚለየውም በባዶ ስፍራ ነው። እንደ አባቶች ልማድ በሁለት ነጥብ ቃልን የሚለይ፣ ባዶ ስፍራ የማይተው ጸሓፊ ካለ፣ ማሽኑ እያንዳንዱን አንቀጽ እንደ አንድ ቃል ቈጥሮ ድርሰቱን በሙሉ ያወጣዋል። እኔ ይህ በሆነብኝ ጊዜ ከመቈጣት ይልቅ ኩራት ተሰማኝ።

ሦስተኛው ግን ቀልድ አይደለም። አንባቢ በጦማራችሁ ላይ ፀሐይ ብሎ ሲፈልግ፣ ማሽኑ የሚያመሳስለው ድምፅን ሳይሆን የፊደሉን ቁጥር ነው። በዛሬው አነጋገራችን ጸና ፀ አንድ ናቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃም አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ይህ አንድ ቃል በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ከ12ቱ በአንዱ የጻፈ ጸሓፊና በሌላው የሚፈልግ አንባቢ በአንድ ቤት ውስጥ ሳይተያዩ ይኖራሉ። ከመንጠቆዎቹ ሁሉ ለእኛ የከበረው ይህን የሚያስታርቅበት ነው። ጽሑፉ ሲወጣ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት ሁለተኛ ሥውር ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ይቀመጣል፤ አንባቢው የሚፈልገው ቃልም ልክ እንደዚሁ ተመልሶ ከዚያ ቅጂ ጋር ይመሳከራል፤ ጸሓፊው በወደደው ፊደል የጻፈው ግን እንደ ተጻፈ ይነበባል፤ ከቃሉ አንዲት ፊደል አይነካም።

ይህንኑ ባለፈው ሳምንት፣ ያን ጊዜ ጦማሬን ካነሣልኝ ወጣት ዘመዴ ጋር ተቀምጠን ጀምረነዋል። ገና አልተጠናቀቀም፤ ቋን ከቈ ጋር ሲያጋጥመው ይሳሳታል፤ በመደብርም አልወጣም። አሁን ግን በዚያ በኩል ያሉት ወንድሜ መብራቱን ቢቀንሱልንና ዘመዴም ኮምፒዩተሩን ቢያገናኝልን፣ በዚህ ግድግዳ ላይ ፀሐይን በ12ቱም መንገድ እየጻፍን እንፈልጋታለን።